ልታጠብ ገብቼ ቅባት ይዤ ወጣሁ

ቦርሳዬ ከብዷል። በብር ከብዶ ቢሆን ኖሮ ድምፄን አጥፍቼ እቀመጥ ነበር። የከበደው በዕቃ ነው። ፀጉሬን ልታጠብ እገባለሁ፣ የፀጉር ቅባት ይዤ እወጣለሁ። ጂም እመዘገባለሁ፣ አሠልጣኙ ገና ስሜን ሳይዝ የፕሮቲን ጣሳ ያሳየኛል። ሲም ካርድ ላወጣ እሰለፋለሁ፣ "ስልክም አለን እኮ" እባላለሁ። ማኪያቶ ልጠጣ ቁጭ ባልኩበት ካፌ የቤቱ ስም የታተመበት ኩባያና የታሸገ ቡና ከመደርደሪያው ላይ ሆነው ያፈጡብኛል። የእህቴን ልጅ ልናስመዘግብ የሄድንበት ትምህርት ቤትማ ጭራሽ "ደብተሩም ዩኒፎርሙም ከእኛ ካልተገዛ" አለን። ለትምህርቱ ከፍለን ስንጨርስ ደብተሩ ላይ ለተለጠፈው አርማ ደግሞ ከፈልን።

እናንተስ? መቼም እኔ ላይ ብቻ የተዶለተ አይመስለኝም። አገልግሎት ማለት ድሮ ባዶ እጅ ተገብቶ ባዶ እጅ የሚወጣበት ነገር ነበር። ሰው ተላጭቶ፣ ታክሞ፣ ተምሮ፣ ተጉዞ ይወጣል፤ የገዛው ነገር እላዩ ላይ ነው። አሁን ግን አገልግሎት ሰጪው ሁሉ መደርደሪያ እያቆመ ነው። ዛሬ የምናወራው ስለዚህ መደርደሪያ ነው።

አስቀድሜ ግን ነገሩን ላጥራ። ይህ "ሁሉም ስግብግብ ሆነ" የሚል ጽሑፍ አይደለም። እሱን ታክሲ ውስጥ በነፃ ትሰሙታላችሁ። ታላቅ እህቴ ፀጉር ቤት አላት። ነገሩን ከመደርደሪያው ፊትም ከጀርባውም ሆኜ ስላየሁት ነው የምጽፈው።

ያልተሸጠ ሰዓት

እህቴ የምትሸጠው ሁለት እጇን ነው። ሌሎች ሦስት ልጆችም በፐርሰንት አብረዋት ይሠራሉ። ሒሳቡ ቀላል ነው። አንዲት ደንበኛ ታጥባ፣ በቢጎዲን ተጠቅልላ፣ ካስክ ውስጥ ገብታ፣ ተሠርታ እስክትወጣ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል እንበል። በቀን አሥር ሰዓት ሙሉ ቢሠራ እንኳ አንዲት ሠራተኛ ከስድስት ሰው ብዙም አታልፍም። ስድስተኛዋ ጋ ስትደርስ ወገቧ የራሷ አይደለም። ገቢዋ እንዲያድግ ወይ ዋጋ ትጨምራለች፣ ወይ ወንበር ትጨምራለች። ዋጋ ስትጨምር ደንበኛ ጎረቤት ትሄዳለች፤ ወንበር ስትጨምር ሰፊ ቤት ትፈልጋለች፤ ሰፊ ቤት ደግሞ የአከራይን ዓይን ያሰፋል።

ሥራውም ዓመቱን ሙሉ እኩል አይደለም። ጥር ላይና ከፋሲካ በኋላ ሰርግ በሰርግ ይሆንና ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነስታ ሙሽራ ስትሠራ ታድራለች። ሁዳዴ ሲገባ ወንበሩ ባዶ፣ ካስኩ ቀዝቃዛ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ባዶ የዋለውን ወንበር ደግሞ ለቅዳሜ ከሰዓት ማስቀመጥ አይቻልም። ያልተሸጠ ሽንኩርት ነገ ይሸጣል፤ ያልተሸጠ ሰዓት ግን ያው ሞተ ነው። ይህ የአገልግሎት ሥራ ሁሉ መከራ ነው። ሆቴሉ ሰው ያላደረበትን ክፍል፣ አውቶቡሱ ባዶ የሄደውን ወንበር መልሶ አይሸጠውም። በዚህ ላይ መብራት ይሄዳል። መብራት ሲሄድ ካስክ አይሠራም፣ ፔስትራ አይሠራም። ኪራይ ግን ይሠራል።

ታዲያ ጠርሙስ ምን ያደርጋል? ጠርሙስ መብራት አይፈልግም። በሁዳዴም ይሸጣል። እህቴ ታማም፣ ተኝታም፣ ለቅሶ ሄዳም ይሸጣል። ሌላ ከተማ የምትኖር፣ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ የማታውቅ ሴት እንኳ ልትገዛው ትችላለች። እህቴ ለዓመታት በደንበኞቿ ፀጉር ላይ ስትቀባ የኖረችውን ቅባት፣ የጉሎ ዘይቱን ከጥቁር አዝሙድ ዘይቱ ጋር ቀላቅላ የምታዘጋጀውን ማለቴ ነው፣ "ለምን አሽጌ አልሸጠውም?" ያለችው ለዚህ ነው። ስግብግብነት አትበሉት። ወገቧ ነው የተናገረው።

ከእጅ የወጣና ከበር የወጣ

ነገሩ የትናንት ፈጠራ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1953 ፒያሳ ላይ ሥራ የጀመረው ቶሞካ ቡና በስኒ ከማስጠጣት ጋር የተቆላ ቡና እያሸገ ሲሸጥ ኖሯል። የኢትዮጵያ አየር መንገድም ትኬት ብቻ ሲቆርጥ አልኖረም። እ.ኤ.አ. በ1986 መጨረሻ ከአንድ የአሜሪካ ኩባንያ ባገኘው ፈቃድ የእርሻ መድኃኒት የሚረጭ አውሮፕላን አዲስ አበባ ውስጥ ገጣጥሞ "እሸት" የሚል ስም አውጥቶለታል። ሰው በአውሮፕላን የሚያመላልሰው ድርጅት አውሮፕላን ሠሪ ሆነ ማለት ነው። እኔ በበኩሌ ይህን ሳነብ ኩራት ቢጤ ተሰምቶኛል።

ሁለቱን የሚያመሳስላቸው አንድ ነገር አለ። የሸጡት ዕቃ በየቀኑ ከሚሠሩት ሥራ የወጣ ነው። ቶሞካ ቆማችሁ የጠጣችሁትን ቡና ነው አሽጎ የሚሰጣችሁ፤ ካልጣማችሁ ከረጢቱን ትታችሁ ትወጣላችሁ። አየር መንገዱም አውሮፕላን መፍታትና መግጠም የዘወትር ሥራው ነው።

ያ ትምህርት ቤት ግን ደብተር ሠሪ አይደለም። ደብተሩን ሌላ ሰው አምርቶታል፤ እሱ ያደረገው ነገር ቢኖር አርማ መለጠፍ ነው። ያው ገጽ፣ ያው መስመር ያለው ደብተር ከግቢው አጥር ውጭ በርካሽ ይገኛል። ስለዚህ እኛ የገዛነው ደብተር አይደለም። የገዛነው በሩን ነው። ልጃችን ውስጥ ስለሆነ እምቢ ማለት አንችልም፤ እነሱም ይህን ያውቃሉ። እምቢ የማይባል ዕቃ ደግሞ ዕቃ ሳይሆን ስሙን የቀየረ ክፍያ ነው።

ሁለት ሰዎችና ሁለት ጠርሙሶች

እህቴ የጠርሙሱን ነገር ስታነሳ እኔ እንደ ልማዴ ማንበብ ጀመርኩ። የፀጉር ሥራ ዓለም ውስጥ ይህን መንገድ የሄዱ ሁለት ሰዎች ከአእምሮዬ አልጠፉ አሉ።

አንደኛዋ ሣራ ብሪድላቭ ናት። እ.ኤ.አ. በ1867 ሉዊዚያና ውስጥ፣ ከባርነት ገና ከወጣ ቤተሰብ ተወለደች። ለዓመታት የሰው ልብስ እያጠበች ኖረች። ፀጉሯ ይረግፍ ነበር። መጀመሪያ አኒ ተርንቦ የምትባል ሌላ ጥቁር አሜሪካዊት ያዘጋጀችውን የፀጉር ቅባት እየዞረች ሸጠች። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1906 ገደማ ማዳም ሲ. ጄ. ዎከር በሚል ስም የራሷን ያዘች። ቅባቷን "ድንቅ ፀጉር አብቃይ" አለችው። ውስጡ ከነበሩት ነገሮች ዋናዎቹ ድኝና ቫዝሊን ናቸው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ድኝና ቫዝሊን ፀጉር ያበቅላል? ዘዴዋን ስትመለከቱት ግን ጣሳው ብቻውን አልነበረም። ፀጉርን ቶሎ ቶሎ ማጠብ፣ የራስ ቆዳን ማጽዳትና መንከባከብ አብሮት ነበር። በዚያ ዘመን የቧንቧ ውኃ ቤታቸው ላልገባላቸው ሴቶች ፀጉር መታጠብ እንደ ዛሬው ቀላል ነገር አልነበረም፤ የብዙዎቹ የራስ ቆዳ የታመመውም በዚሁ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ትልቁን ሥራ የሠራው እጅና ውኃ ነው፤ ምስጋናውን የወሰደው ጣሳ ነው። ሴትየዋ ግን ብልህ ነበረች። ጣሳውን ለብቻው አልላከችውም። በሺዎች የሚቆጠሩ ሴቶችን አሠልጥና፣ ቅባቱን እንዴት እንደሚቀባ ብቻ ሳይሆን ራስ እንዴት እንደሚታጠብ አስተምራ ነው የላከችው። ዕቃው በሄደበት እጁም አብሮ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1919 ስትሞት በአሜሪካ ከታወቁት ሀብታም ጥቁር ሴቶች አንዷ ነበረች።

ሁለተኛው ቪዳል ሳሱን ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 ለንደን ውስጥ ፀጉር ቤት ከፈተ። ሴቶች በየሳምንቱ ካስክ ውስጥ ገብተው ፀጉራቸውን በስፕሬይ ድርቅ ከሚያደርጉበት ዘመን ያወጣቸው፣ ታጥቦ ዝም ብሎ በራሱ ቅርጹን የሚይዝ አቆራረጥ ያመጣ ሰው ነው። መቀስ ነበር ሥራው። በኋላ በስሙ ሻምፖና ኮንዲሽነር ወጣ፤ ሻምፖው ከመቀሱ በላይ ታወቀ። እ.ኤ.አ. በ1983 የምርት ሥራውን ሪቻርድሰን ቪክስ ለሚባል ኩባንያ ሸጠው። ከሁለት ዓመት በኋላ ያንን ኩባንያ ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል ገዛው። ሰውየው በሕይወት እያለ ስሙ የሌላ ሰው ንብረት ሆነ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ፕሮክተር ኤንድ ጋምብልን ከሰሰ። ክሱም ለሌላው ምርታችሁ ስትሉ በስሜ ያለውን ጥላችሁ አበላሻችሁት የሚል ነበር። በዓመቱ በስምምነት ጨረሱ። እ.ኤ.አ. በ2012 አረፈ።

ሁለቱን ሳስተያያቸው የገባኝ ይህ ነው። አንድ ፀጉር ሠሪ እጁ ቢሳሳት እዚያው መስተዋት ፊት ይታያል። "እዚህ ጋ አስተካክይልኝ" ትባላለች፣ ታስተካክላለች። ጠርሙስ ግን ስምሽን ይዞ ከቤት ይወጣል። የት እንደሚገባ፣ ማን ራስ ላይ እንደሚፈስ አታውቂም። ተመልሶ መጥቶ "ይቺ ልጅ ራሷ ቆስሏል፣ ልቀባት ወይስ ልተው?" ብሎ አይጠይቅም። ላዩ ላይ የተጻፈውን ብቻ ይደጋግማል። ስለዚህ ሁሉ ነገር የተጻፈው ላይ ይወድቃል። እዚህ ላይ እኔ ገባሁበት።

"አንቺ ጋዜጠኛ አይደለሽ?"

አንድ ማታ እህቴ ባዶ ጠርሙስ፣ እስክሪብቶና አንድ ወረቀት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችና "አንቺ ጋዜጠኛ አይደለሽ? ጽሑፉን ጻፊልኝ" አለችኝ። በጋዜጠኝነት ተመርቄ የመጀመሪያው የግል ትእዛዝ መሆኑ ነው። ደስ ብሎኝ ነበር፣ ምን እንደሚጻፍ እስክሰማ ድረስ።

"ፀጉር ያበቅላል፣ መርገፍ ያቆማል፣ ሽበት ይከላከላል በይ።"

"ማን አለ?"

"ምን ማለትሽ ነው ማን አለ? ሁሉም እንደዚህ ነው የሚጽፈው።"

እውነቷን ነው። ከመርካቶ የተገዙ አራት የሌሎች ሰዎች ጠርሙሶች ፊቴ ደረደረች። አንዱ በሁለት ሳምንት፣ ሌላው በአሥር ቀን ያበቅላል። ሦስተኛው ራሰ በራ ሰው ሥዕል አለው፤ ከጎኑ ደግሞ ያው ሰው ፀጉራም ሆኖ። ሰውየው ያው መሆኑን እጠራጠራለሁ፤ ጆሮው እንኳ አይመሳሰልም።

"እሺ" አልኳት፣ "ወንበሩ ላይ ለምትቀመጥ ደንበኛ ዓይኗን እያየሽ 'ሽበት ይከላከላል' ትያታለሽ?"

"ለእሷማ አልላትም። ታውቀኛለች።"

ጭቅጭቃችን ሁሉ እዚህች መልስ ውስጥ ነው ያለው። ለምታውቃት የማትለውን ለማታውቃት ልትጽፍ ነው። እህቴ ውሸታም አይደለችም፤ ዕድሜዋን ሙሉ ለሰው ፀጉር እውነቱን ስትናገር የኖረች ሴት ናት። "ይሄ ቀለም አይሆንሽም" ብላ ብር የመለሰች ሴት ናት። ጠርሙሱ ግን ፊት የለውም፤ ፊት በሌለበት ቦታ ደግሞ ጥሩ ሰውም ቢሆን አፉ ይሰፋል።

ሁለት ሰዓት ተከራከርን። እሷ ስለ ኪራይ ታወራለች፣ እኔ ስለ ማስረጃ። "በማስረጃ ኪራይ ይከፈላል?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም፤ አሁንም ሙሉ መልስ የለኝም። መጨረሻ ላይ የተስማማንበት ጽሑፍ ይህን ይመስላል፤ "የደረቀ ፀጉርን ያለሰልሳል። ውስጡ ያሉት፦" ብሎ ዝርዝሩ፣ የተመረተበት ቀን፣ የሚያበቃበት ቀን። ከሥር በትንሹ፣ "የራስ ቆዳዎ ከቆሰለ ወይም የፀጉርዎ ጠርዝ እየሸሸ ከሆነ ሐኪም ያማክሩ።" እህቴ አነበበችውና "ይሄ ማስታወቂያ ነው ወይስ ንስሐ?" አለች።

በነገራችን ላይ ጠርሙሱ ገና ገበያ አልወጣም። የፀጉር ቤት ንግድ ፈቃድ ፀጉር ለመሥራት እንጂ ቅባት ለማምረት አይደለም። ኮስሞቲክስ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት በምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ቁጥጥር ሥር ያለ ነገር ነው። ስለዚህ ያላት ምርጫ ወይ የአምራችነት ፈቃድ ማውጣት፣ ወይ ፈቃድ ያለው አምራች ፈልጋ በስሟ እንዲያመርትላት መዋዋል ነው። የአገልግሎትና የምርት ልዩነት ቢሮ ስትሄዱ በደንብ ይገባችኋል፤ ፎርሙ ሌላ፣ መስኮቱ ሌላ፣ ወረፋውም ሌላ ነው።

መምህርቷ

የጽሑፉን ነገር ከጨረስን በኋላ አንድ ቅዳሜ ፀጉር ቤቱ ውስጥ ቁጭ ብዬ ነበር። አንዲት መምህርት ገባች፣ የቆየች ደንበኛ ናት። ሻሿን ስትፈታ ግንባሯ ላይና ጆሮ ግንዷ አካባቢ ፀጉሯ ወደ ኋላ ሸሽቷል። ከልጅነቷ ጀምሮ ሹሩባ ጥብቅ አድርጋ የምትሠራ፣ ኋላ ላይ ደግሞ አርቴፊሻል ፀጉር የምትቀጥልበት ሴት ናት።

"ያንን ቅባትሽን ልታሽጊ ነው አሉ" አለቻት። "ሦስት ጠርሙስ ያዢልኝ። ከፈለግሽ ብሩን አሁኑኑ በቴሌብር ልላክልሽ።"

ሦስት ጠርሙስ። ያውም ያልተመረተ። እህቴ የመጀመሪያውን ሽያጭ እጇ ላይ አገኘች። እኔ ትንፋሼን ያዝኩ።

እህቴ በጣቷ ጫፍ የመምህርቷን ጆሮ ግንድ ዳሰስ ዳሰስ አደረገች። ቆዳው ልስልስ ብሎ ያብረቀርቃል። ፀጉር ለዓመታት በጥብቅ ሲጎተት ሥሩ ይጎዳል። በጊዜ ከላላ ይመለሳል፤ ቆይቶ ጠባሳ ከሆነ ግን ቅባት ቢፈስበት፣ ቅቤ ቢቀባ፣ ጠበል ቢረጭ በቀላሉ አይመለስም። ይህን እህቴ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከሺህ ራስ ነው ያወቀችው።

"የኔ እህት" አለቻት፣ "ይሄ የቅባት ሥራ አይደለም። ሹሩባው ነው የነቀለው። ለጊዜው አሳርፊው። አለርት ሄደሽ የቆዳ ሐኪም ይይሽ።"

"ዛሬ ብቻ ሥሪኝ፤ ሰኞ ክፍል አለኝ።"

"አጥብቄ አልሠራሽም። ታጥቤሽ ላላ አድርጌ ልሰብስብልሽ።"

መምህርቷ ታጥባ፣ ሻሿን መልሳ አሥራ ወጣች። የታጠበችበትን ብቻ ከፈለች። በአንድ ቀን ሦስት ጠርሙስም አንድ ሹሩባም ቀረ። ማታ ሒሳብ ስትሠራ እህቴ ጥሩ ስሜት ላይ አልነበረችም። "አንቺ የጻፍሽው ጽሑፍ ነው ያስፈራኝ" አለችኝ። እኔ ግን አላመንኳትም። ጽሑፉ ባይኖርም ያንን ትላት ነበር፤ ምክንያቱም ራሷ እጇ ላይ ነበር።

መምህርቷ ከዚያ ወዲህ አልመጣችም። ሐኪም ዘንድ ሄዳ ይሆናል። ወይም ደግሞ "በአሥር ቀን ያበቅላል" የሚለውን ጠርሙስ ገዝታ ይሆናል። የሁለተኛው ሐሳብ እንቅልፍ ይነሳኛል። እውነት የተናገረ ፀጉር ቤት ደንበኛ አጥቶ፣ ጆሮው የማይመሳሰል ሥዕል የለጠፈው ኪራዩን ከከፈለ፣ ሒሳቡ ለማን ነው የሚደላው?

መካሪውም ሻጩም አንድ ሰው ሲሆን

ይህ ጥያቄ የፀጉር ቤት ብቻ አይደለም። "የዐይን ምርመራ በነፃ" የሚል መነጽር ቤት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ነፃ የሆነው ለምን ይመስላችኋል? መነጽር ያስፈልግሻል ብሎ የሚወስነው ሰው መነጽሩን የሚሸጠው ሰው ስለሆነ ነው። ሰውየው ሐቀኛ ሊሆን ይችላል። ግን ሐቀኛ በሆነ ቁጥር ይከስራል፤ ሰውን በእንዲህ ዓይነት ቦታ ማስቀመጥ ደግሞ ለሐቀኛውም ግፍ ነው።

ሌላው ዓለም ይህን ነገር በሕግ ሊፈታው ሞክሯል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1978 በወጣ ደንብ ዐይን መርማሪው ምርመራውን እንደጨረሰ፣ ደንበኛው ባይጠይቅም እንኳ፣ የመነጽሩን ማዘዣ በእጁ መስጠት አለበት። ወረቀቱን ይዞ የፈለገበት ሄዶ ይገዛል። ደቡብ ኮሪያ ደግሞ ሐኪሙ መድኃኒቱን ያዝም፣ እዚያው ይሸጥም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 መንግሥት ማዘዝንና መሸጥን ሲለይ ሐኪሞቹ አድማ መቱ። አድማው ራሱ ብዙ ነገር ይናገራል፤ መደርደሪያው ምን ያህል እንደለመደባቸው ያሳያል።

እኛም አገር ሕግ የለም አይባልም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ሸማች መርጦ የመግዛት መብት እንዳለው፣ ዕቃውን ስላየ ወይም ዋጋ ስለተከራከረ ብቻ እንዲገዛ እንደማይገደድ ደንግጓል። ግን አዋጁን ይዞ ትምህርት ቤት በር ላይ የሚቆም ወላጅ አላየሁም። ልጁ ውስጥ ነዋ! ሕግ የሚሠራው ሰው እምቢ ማለት ሲችል ነው። እምቢ የማለት አቅም ደግሞ በአዋጅ ብቻ አይመጣም፤ ሌላ በር መኖር አለበት።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

እኔ አገልግሎት ሰጪ ዕቃ አይሽጥ አልልም። የእህቴን ወገብ እያየሁ እንዴት ብዬ? በሁዳዴ የሚሸጥ፣ መብራት የማይፈልግ ነገር ያስፈልጋታል። ከእሷ ጋር የሚሠሩት ልጆችም ያስፈልጋቸዋል። ግን ከዚህ በኋላ መደርደሪያ ባየሁ ቁጥር ሦስት ነገር እጠይቃለሁ።

አንደኛ፣ ባልገዛስ? አልገዛም ብዬ ያው መስተንግዶ፣ ያው ፈገግታ፣ ያው ወንበር ካገኘሁ ዕቃው ዕቃ ነው። ፊታቸው ከጠቆረ፣ ወይም ልጄ ከመስመር ከወጣ፣ ያ ዕቃ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ዕቃው ከእጃቸው ሥራ ወጥቷል ወይስ አርማ ብቻ ተለጥፎበታል? ቡና ቆልቶ የሚያስጠጣ ቡና ቢሸጥልኝ ያውቀዋል። ጂሙ የሚሸጥልኝን ጣሳ ግን አሠልጣኙ ራሱ ምን እንዳለበት አንብቦት ያውቃል?

ሦስተኛው ለእኔ ዋናው ነው። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ነገር ሰውየው ፊት ለፊቴ ቆሞ፣ ዓይኔን እያየ፣ ነገ ተመልሼ እንደምመጣ እያወቀ ይለዋል? ካላለው ጠርሙሱም ሊለው አይገባም።

ለሻጮችም አንድ ቃል አለኝ፣ በተለይ እንደ እህቴ ላሉት። ለዓመታት ያከማቻችሁት ሀብት ቅባቱ አይደለም። የጉሎ ዘይት መርካቶ ሞልቷል። ሀብታችሁ "እሷ ካለች እውነት ነው" መባሉ ነው። ጠርሙስ ውስጥ የምትጨምሩት እሱን ነው፤ አንዴ ከፈሰሰ ደግሞ ተመልሶ አይሞላም። ቪዳል ሳሱን የራሱን ስም ለማስከበር ፍርድ ቤት የሄደው ስሙ ከእጁ ከወጣ ከሃያ ዓመት በኋላ ነው።

የእህቴ ጠርሙስ ፈቃዱን ሲያገኝ ጽሑፉ እንዳለ ይወጣል፤ አንድም ቃል አልተጨመረበትም፣ እሷም እስካሁን እንዲጨመር አልጠየቀችም። አከራዩ ደግሞ ከመጪው ወር ጀምሮ እጨምራለሁ ብሏል። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ የትኛው እንደሚያሸንፍ ገበያው ይነግረናል። ገበያው ማለት ደግሞ እኛው ነን፤ "ያበቅላል" የሚለውን ጠርሙስ እያነሳን "ያለሰልሳል" የሚለውን የምናስቀምጠው እኛው።